የወይዘሮ ጌጤ ይርጋ ሕይወትና ስእለት

ወይዘሮ ጌጤ ከአባታቸው ከአቶ ይርጋ እሸቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ አበጀ በ1948 ዓ.ም. በገሳይ አካባቢ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1966 ዓ.ም. የሳይንስ መምህሩን አቶ ደምሴ ፈለቀን አግብተው ደብረ ታቦር ገቡ፤ ደሳለኝንና ትዕግሥትን ወለዱ። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነግደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ደሳለኝ ከመኪና አደጋ ሲተርፍ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ላይቀምሱ ተሳሉ። ከዚያ ወዲህ ቅቤውን በማሽተት ብቻ ይለዩ ስለ ነበር የገበያው ሴቶች "ጌጤ፣ ያልቀመስሽውን ልትሸጪልን?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አቶ ደምሴ ጡረታ ወጥተው በ2005 ዓ.ም. ላስቲክ በለበሰ ገንዳ ስፒሩሊና የተባለውን፣ ለምግብ የሚሆን የውሃ አልጌ ማልማት ጀመሩ። አድርቀው ፈጭተው በባለቤታቸው ሽሮ ላይ ይነሰንሱት ነበር። በጣራ ገዳም ያሉት የንስሐ አባታቸውም ከውሃ የበቀለ ነውና ጾም አይሽርም ብለው ፈቀዱ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አቶ ደምሴ "ሥጋ ከተወች ስንት ዓመቷ! እስኪ እዩዋት!" ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የወይዘሮ ጌጤ እግር ደነዘዘ፤ ምላሳቸውም ያቃጥላቸው ጀመር። ሐኪሙ ቫይታሚን ቢ12 እንዳለቀባቸው፣ በስፒሩሊና ያለው ዓይነትም ለሰው እንደማይረባ ለሁለቱም አስረድቶ መርፌ አዘዘ። ወይዘሮ ጌጤ ግን መርፌው ከከብት ጉበት የሚወጣ መሰላቸው። ገዳም ድረስ መሄድ ስላልቻሉ ባለቤታቸውን "አባን ይጠይቁልኝ፤ ከፈቀዱ እወጋለሁ" አሏቸው።

አቶ ደምሴ ሄዱ። የጠየቁት ግን ዱቄቱን በእጥፍ መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ነበር። ተመልሰው "በዱቄቱ ጽኚ ብለዋል" አሉ።

ወይዘሮ ጌጤ አራት ዓመት በእጥፍ ወሰዱ። በመጀመሪያው ዓመት ከዘራ ያዙ፤ በሦስተኛው አልጋ ላይ ዋሉ። እንግዳ ሲመጣ አቶ ደምሴ የመኝታ ቤቱን በር ይዘጉት ነበር።

ጥር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. አባ ሊጠይቋቸው መጥተው ነገሩን ከትዕግሥት ሰሙ።

"መርፌ ምግብ ነው እንዴ? ብጠየቅ በዚያው ቀን ተወጊ እል ነበር" አሉ።

ወይዘሮ ጌጤ ወደ ባለቤታቸው ዞረው "ምን ብለው ነበር የጠየቁልኝ?" አሏቸው።

መርፌው በማግስቱ ተጀመረ፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። ሳንባ ምች ተጨምሮባቸው፣ ስእለታቸውን ሳያፈርሱ፣ የካቲት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ባለቤታቸው አቶ ደምሴ ከኋላቸው ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ጥያቄን በሰው እጅ መላክ በማያስፈልግበት ደጁ ያሳርፍልን።