የዘመመውን ትተው መለኪያውን ላቃኑልን ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሰሜን ምዕራብ ጥልቅ ባሕር ተከላ ቁጥጥር ቢሮ ዋና ዳይሬክተር
ፐርዝ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደማያምዎት፣ እንቅልፍ እንደማይነሳዎት፣ በዚህ የየካቲት ሙቀትም የቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንዳልተበላሸ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ ካራታ ያለነው ደኅና ነን። ደኅና ያልነበርነውም ባለፈው ወር ያወጡትን ሪፖርት አንብበን ደኅና መሆናችንን ተረድተናል።

ስሜ ብሮንዊን ኬሊሃር ይባላል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት የኖርኩት መርከብ ላይ ተቀምጬ በባሕር ወለል ላይ የሚሠራ ሮቦት በመንዳት ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጄን ሳንቀሳቅስ፣ ሮቦቱ ከእግሬ ሥር አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ወርዶ፣ ፀሐይ ደርሳ በማታውቅበት ጭቃ ላይ ክንዱን ልክ እንደ እኔ ያንቀሳቅሳል።

የምጽፍልዎት ዊምብረል የምትባለው መርከብ ከአሥራ ስድስት ወራት በፊት፣ ከጠረፉ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ስለተከለችው የጋዝ ቁፋሮ መሠረት ነው። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣም ስለላክሁት፣ ለማያውቀው አንባቢ ለመናገር ያህል፣ መሠረት የምንለው ዘጠና ቶን የሚመዝን ባለ አራት እግር ብረት ነው። በክሬን ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። ኋላ የቁፋሮ መርከብ ትመጣና የጉድጓዱን አፍ የሚዘጋውን ሦስት መቶ ቶን መዝጊያ በላዩ ታቆማለች፤ ቱቦውም በመካከሉ አልፎ ይቆፍራል። እንደ ማንኛውም የቤት መሠረት ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። አናቱ ላይ የሾርባ ሳህን የሚያህል ውሃ ልክ ተገጥሞለታል፤ የእኔም ሥራ በሮቦቱ ካሜራ አረፋውን እያየሁ ብረቱ ስንት እንደዘመመ መናገር ነው። የቢሮዎ ደንብ ከአንድ ዲግሪ በላይ መዝመም ክልክል ነው ይላል። ይል ነበር ማለቴ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቅሬታ ነው ብለው እንዳይወስዱብኝ አደራ።

አንደኛ፣ ስለ ባሕር ወለሉ ጥናት አመሰግናለሁ። ጥናቱ ቦታው ጠንካራ አሸዋ ነው ይላል። የተሠራው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከቦታውም ስድስት መቶ ሜትር ርቆ መሆኑን እኛ ያወቅነው በኋላ ነው፤ ቢሮዎ ግን ማኅተሙን ሲያሳርፍበት ያውቅ ነበር፣ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፏልና። በጎረቤት ግቢ አፈር መርምሮ የራስን ቤት መሥራት በእኛ ሰፈር ብዙም አልተለመደም። መሠረቱ ከመውረዱ በፊት ሮቦቱን ልኬ ወለሉን ብነካው ክንዱ እስከ ክርኑ ሰመጠ። ለሥራ መሪያችን ለስቶክዴል ነገርኩት።

«ጥናቱ አሸዋ ነው የሚለው» አለኝ።

«እኔ ደግሞ ክንዴ ጭቃ ውስጥ ነው የምልህ።»

«ወረቀቱ ማኅተም አለው ብሮን። ክንድሽ የለውም።»

ስቶክዴል ክፉ ሰው አይደለም። ከከተማ፣ ከኩባንያችን ዋና ቢሮ፣ በየሰዓቱ «ጨረሳችሁ ወይ» እየተባለ የሚደወልለት ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ ለእያንዳንዳችን ስላደለው ቀይ ካርድ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ካርዱ ማንኛውም ሠራተኛ አደጋ ካየ በማንኛውም ሰዓት ሥራ ማስቆም እንደሚችል፣ በዚህም ምክንያት ምንም እንደማይደርስበት በእርስዎ ፊርማ ያረጋግጣል። አብዛኞቻችን ከመታወቂያችን ጋር አንገታችን ላይ አንጠልጥለነው እንዞራለን። ሲጠቀምበት ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የክሬኑ ነጂ ሴሚሲ ቫይኮና ነው።

ሴሚሲን ክቡርነትዎ አያውቁትም። የቶንጋ ሰው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕር ላይ ሠርቷል። ጭነት ሲያወርድ ከንፈሩን እንኳ አያንቀሳቅስም፤ ካወረደ በኋላ ግን ምግብ ቤት ውስጥ ቀልዱ ማቆሚያ የለውም። ያን ዕለት መሠረቱን ከረፋድ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁልቁል ሸኝቶ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጭቃው ላይ አሳረፈው። የክብደቱን ግማሽ ለጭቃው ሰጥቶ ግማሹን በገመዱ ያዘ። እኔ አረፋውን ማንበብ ጀመርኩ። ዜሮ ነጥብ ስምንት። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነጥብ ሦስት። ከዚያ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የተባለውን ከቅጂው ላይ እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

«ሴሚሲ፣ ሁለት ነጥብ አንድ ደረሰ» አልኩ።

«አየሁት እህቴ። ገመዱ ይነግረኛል። አንደኛው እግሩ እየሰመጠ ነው።»

«ስማ ሴሚሲ፣ ሙሉ ክብደቱን ልቀቀው። ራሱ ቦታውን ይይዛል፣ እንገላገል» አለ ስቶክዴል።

«አንተ ትገላገላለህ። እሱ ግን እዚያው ነው የሚቀረው።»

«ከከተማ ይሁን ብለዋል እኮ።»

«ከተማው መጥቶ ይያዘው ታዲያ። እኔ ይሄን ነገር አለቅም። አንስተን ሌላ ቦታ እንፈልግለት።»

ይህን ብሎ ቀይ ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ በክሬኑ መስኮት ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ለጠፈው። ከዚያ ማዕበሉ ሲያነሳን ገመዱን እየለቀቀ፣ ሲያወርደን እየሰበሰበ፣ ብረቱን ደግፎ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። ውሃ ላኩለት፤ አልጠጣም፣ እጁን ማንሳት አልፈለገም።

ሦስተኛ፣ የቢሮዎን ቅልጥፍና የሚያሙ ሰዎች አፋቸውን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ሴሚሲ ካርዱን የለጠፈው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከከተማው ወደ እርስዎ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ የተፈቀደው መዝመም ከአንድ ዲግሪ ወደ ሦስት ከፍ መደረጉን የሚገልጽ ልዩ ፈቃድ መርከባችን ላይ ደረሰ። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘጠና ቶን ብረት ለማቃናት ክሬን፣ ሮቦትና ስድሳ ሰው ይዘን ተቸግረን ሳለ እርስዎ በአንድ ብዕር አቃኑት። ውሃ ልኩ ላይ ያለው አረፋ ግን ፈቃዱን አላነበበም መሰለኝ፣ ሁለት ነጥብ ስድስት ላይ ሄዶ ቆመ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈረቃ ተቀየረ። ሴሚሲን ውረድ አሉት፤ የሌላው ፈረቃ ነጂ ወጣ፤ ገመዱም ተለቀቀ። እኔን ግን የሚተካኝ ሰው ታሞ ስለነበር ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ስቶክዴል ከኋላዬ መጥቶ «ፒኖቹን ንቀዪያቸው ብሮን» አለኝ። መሠረቱን ከገመዱ ጋር የሚያይዙት አራት ፒኖች ናቸው። የሚነቅላቸው ሮቦቱ ነው፤ ሮቦቱን የማንቀሳቅሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ነቀልኳቸው።

ለቢሮዎ በሰጠሁት ዘጠኝ ገጽ ቃል ውስጥ ይህን ጽፌዋለሁ። ካርዱ የእኔም አንገት ላይ እንደነበረ፣ ላነሳው እችል እንደነበረም ጽፌያለሁ። ዘጠኙ ገጾች በሪፖርትዎ አባሪ ውስጥ አልተገኙም፤ ስለ ክብሬ ተጠንቅቀው እንደሆነ እገምታለሁ። እንዳይጠነቀቁልኝ እለምናለሁ።

የሆነው ሁሉ የሆነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የቁፋሮ መርከቧ መጥታ መዝጊያውን በመሠረቱ ላይ አቁማ ስትቆፍር የሰመጠው እግር የበለጠ ሰመጠ፤ ብረቱ ሰባት ዲግሪ ዘመመ፣ ቱቦው ታጠፈ፣ መርከቧም ገመዷን በጥሳ ለመሸሽ ተገደደች። ጉድጓዱ ገና ጋዙ ጋ አልደረሰም ነበርና ሰው አልሞተም፤ የቀረው መቶ ሰማንያ ሜትር ብቻ ነበር። ከመርከቧ ወለል ላይ የተፈናጠረ ቱቦ ግን የአንድ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ግራ እጅ ላይ ወድቆ ሦስት ጣቶቹን ወሰደ። ሪፖርትዎ ይህን «ቀላል ጉዳት» ይለዋል። ቀላልነቱን ሰውየው ሸሚዙን ሲቆልፍ ቢያዩት ይበልጥ ይረዱት ነበር።

አራተኛ፣ ወደ ሪፖርቱ ራሱ ልምጣ። አሥራ አራት ወር የተደከመበት ሥራ ነው። የአደጋው መንስኤ «ያልተጠበቀ የባሕር ወለል ባሕርይ» እንደሆነ ይገልጽና ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ የክሬኑ ነጂ ሥጋቱን በግልጽ አለመናገሩና የነበረው የቋንቋ ክፍተት ለውሳኔው መዛባት አስተዋጽኦ አድርጓል።

ሴሚሲ ከዚያ ጉዞ በኋላ ወደ ባሕር አልተጠራም። ማንም አላባረረውም፤ ስልኩ ብቻ ዝም አለ። አሁን በጨው ማምረቻው ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል። እኔም እውነቱን ለመናገር ከአንድ ዓመት በላይ ሸሽቼዋለሁ። ገበያ ውስጥ ባርኔጣውን ካየሁ ወደ ሌላው መደርደሪያ እዞር ነበር። ሪፖርትዎ የወጣ ሳምንት ግን አትሜ ይዤው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤቱ ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ታሮ የሚሉትን ጎደሬ ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁት። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«ሴሚሲ፣ ፒኖቹን የነቀልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ከክሬኑ ከወረድኩ በኋላ ምግብ ቤት ስክሪኑ ላይ ሳይ ነበር። የመጀመሪያውን ፒን አራት ጊዜ ሳትሽው። አንቺ እኮ ፒን ስተሽ አታውቂም።» ቱቦውን ወደሚቀጥለው ታሮ አዞረ። «ምነው ይሄን ያህል ጊዜ ጠፋሽ? ሎሴ የተጣላን መስሏት ነበር።»

ሎሴ ባለቤቱ ናት። በሩ ላይ ቆማ «ግቡና ብሉ፣ ሉው ቀዘቀዘ» አለችን፤ ሉ በቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የሚበስል ሥጋ ነው። «እሱ በነሱ መናደዱን ከተወ ቆየ። አሁን የሚናደደው በዚህ ታሮ ነው፣ እዚህ አፈር አልበቅል ብሎ አሳበደው።»

ከበላን በኋላ ገጽ ሠላሳ አንድን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ መልሶ አነበበው። በእንግሊዝኛ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰንበት ትምህርት ያስተማረ ሰው ነው። ይቆጣል፣ ቢያንስ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ብሮን፣ ‹አለቅም› ማለት ሌላ ትርጉም አለው እንዴ?»

ጥያቄውን ለሚመለከተው ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ፤ በምትኩ የሬዲዮው ቅጂ እንዳለ ይግባ፤ የእኔም ዘጠኝ ገጾች፣ ስሜ ሳይደበቅ፣ ከአባሪው ጋር ይያያዙ። ይህ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ከወጣ የእኔም ስልክ ዝም ሊል እንደሚችል ወዳጆቼ ነግረውኛል። ይበል። ደክሞኛል፤ ግን ድካሙ የሥራ አይደለም፣ የዚያ የመጀመሪያው ፒን ነው።

ለዘመናት ደጅዎን ሲጠኑ የኖሩ ሁሉ እንደሚመኙልዎት፣ እኔም ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ የምግብ ፍላጎትና የተዘጋ በር የማያስፈልገው ሥራ እየተመኘሁልዎት፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ብሮንዊን ሮዝ ኬሊሃር
ካራታ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሐሙስ ቢሮዎ «የባሕር ላይ መርማሪ» ቀጥሮ ለማሠራት ማስታወቂያ አውጥቷል፤ «የባሕር ልምድ ግዴታ አይደለም» ይላል። ሎሴ ከጋዜጣው ቆርጣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤ ሴሚሲም ሰኞ ዕለት አመልክቷል። ምስክር ሆኜ የፈረምኩለት እኔ ነኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ልምዱ ለቦታው ከሚፈለገው በላይ ነው ተብሎ እንዳይጣልበት በትሕትና እለምናለሁ፤ ቢቀጠር ሊረሳው ቃል ገብቷል።