በተልባ ፋንታ

ውድ ፋና፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ቃል ነበር። ስልክሽን የማላነሣው እንዳልሳደብ ነው። በጽሑፍ ግን እስኪወጣልኝ እናገርሻለሁ፤ አንቺም ሳታቋርጪ ትሰሚኛለሽ።

ለፍልሰታ ከአዲስ አበባ ስትመጪ እናታችንን እማሆይ አመተ ሥላሴን ከስተው አገኘሻቸው። እውነት ነው፣ ከስተው ነበር። እኔ በማበስልበት የእንግዳ ማረፊያ ለጾመኞች የምሠራውን ፓንኬክ አሳዪኝ ስትይኝ ደስ ብሎኝ አሳየሁሽ። የገብስ ዱቄት፣ የበሰለ ሙዝ፣ በደቃቁ የተከተፈ ቴምር፣ ተቆልቶ የተከካ ኦቾሎኒ። በዕንቁላል ፋንታ የተፈጨ ተልባ በውኃ ትዘፈዝፊያለሽ፤ ላዩ ዐይን ሲያወጣ ትገለብጪዋለሽ። «ይኼማ ቀላል ነው» ብለሽ በማግስቱ ከእማሆይ ማድቤት አስወጣሽኝ።

እማሆይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለት በሉ፤ በማግስቱ ሦስት። «ልጄ፣ እመቤቴ ትባርክሽ፤ ተልባ እንዲህ ያበረታል እንዴ» እያሉ መረቁሽ። አሜን አልሽ። ዕንቁላልና ወተት አብልተሽ ምርቃቱን በሁለት እጅሽ ተቀበልሽ። እኔን የሚያቃጥለኝ ያ አሜን ነው።

የንስሐ አባታችንን አባ አረጋን ብትጠይቂ ኖሮ ለደከመ ሰው ይፈቅዱ ነበር። ጎረቤታችን ውባንተ ሲታመም በሁዳዴ ወተት ፈቅደውለት የለም ወይ? አንቺ ግን መጠየቅ ከበደሽ። ተምረሻላ።

ይባስ ብለሽ ጾሙ ሲፈታ ደወልሽና እየሳቅሽ ነገርሻቸው። «እማሆይ፣ ያ ሁሉ ጉልበት የዕንቁላል ነው» አልሻቸው። የሚስቁ መስሎሽ ነበር። እሳቸው ስልኩን ለእኔ ሰጥተው፣ ቆባቸውን አስተካክለው ወደ አባ አረጋ ሄዱ። አባ «ሳያውቁ ነው፣ አይያዝብዎትም» ቢሏቸውም አልሰሙም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው እጅ አይበሉም። ሽምብራቸውን ራሳቸው ዘፍዝፈው በቀን አንድ እፍኝ ይቀምሳሉ። አሁን ከፍልሰታው ይልቅ ከስተዋል፤ ቅዳሴ መቆምም አቅቷቸዋል።

ትላንት ፓንኬኩን በተልባ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«አልጣሽ፣ አንቺስ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር፣ እማሆይ።»

ሳህኑን መልሰው ሳቡት። «እንግዲህ አንቺን ልመን» አሉና ቆርሰው በሉ።

ፋና፣ ዋሽቻለሁ። በመጣሽ በሦስተኛው ቀን የዕንቁላሉን ቅርፊት ምድጃው ሥር አግኝቼዋለሁ። የዚያን ዕለት እማሆይ ዳገቱን ያለ ምርኩዝ ወጥተው ነበር። እሱን አየሁና ቅርፊቱን አመድ አልብሼ ዝም አልኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ትይኝ ይሆናል፤ በዪ። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም። የጀመርሽው አንቺ ነሽ፤ ዐይናቸውን እያየሁ የምውለው ግን እኔ ነኝ።

እውነቱን ብናገር እንደገና መብላት ያቆማሉ። ዝም ብል ደግሞ አባ አረጋ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ብቻዬን መናገር ፈራሁ። ቫይታሚን እንዳትልኪ፤ ራስሽ ነይ። አብረን እግራቸው ላይ እንወድቃለን፣ የሚሉንንም አብረን እንሰማለን።

እስክትመጪ ድረስ እየዋሸሁ አበላቸዋለሁ።

ከነንዴቴ እህትሽ፣
አልጣሽ
ላሊበላ