ክዳኑ ላይ የለጠፍኩት ስም

ውድ ኣያ ፍሰሃጽዮን፣

እንደምን ሰነበቱ? እዚህች ላይ ስደርስ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለ ጤናዎ ጠይቄ፣ ስለ ቁሓ ንፋስ አውርቼ ቀስ ብዬ ልገባበት አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው። የሙስሊማ የላቦራቶሪ ውጤት የተሳሳተው በእርስዎ ዓይን አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ቢጥሉት አልቀየምም። ግን አውቅዎታለሁ፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይተዉም።

ሓድነት ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ስቀጠር ከኮሌጅ ወረቀት በቀር ምንም አልነበረኝም። በመጀመሪያው ቀን ስስ የሽንኩርት ሽፋን መስታወት ላይ ዘርግተው በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። እንደ ጡብ የተደረደሩ ሴሎች፣ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት ነጥብ። «ረምላ ጓለይ፣ ልጄ፣ ነጥቧ ኒውክለስ ናት። ባክቴሪያ ይህቺ እንኳ የላትም፤ ግን ስንቱን ጎበዝ አልጋ ላይ ታውላለች» አሉኝ። ቀለሙንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሴል ግድግዳዋ ወፍራም የሆነች ባክቴሪያ ሐምራዊውን ይዛ ትቀራለች፤ ግድግዳዋ የሳሳባት ትለቀውና ሮዝ ሆና ትታያለች። ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው ከዚህ ተነስቶ ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር እንደዚያ በትዕግሥት ያስተምረኝ እንደሆነ እንጃ።

ከጦርነቱ በኋላ የፕላስቲክ ሳህን ስለጠፋ የድሮዎቹን የብርጭቆ ሳህኖች እያጠብን፣ እየቀቀልን፣ አጋር የሚባለውን ማብቀያ ጄሊ እያፈሰስንባቸው ባክቴሪያ እናሳድግ ነበር። የሕመምተኛው ስም ከሳህኑ ሥር ይለጠፍ፣ ክዳን ላይ በጭራሽ እንዳይለጠፍ ብለው ነበር። ክዳን ይነሳል፣ ይቀያየራል። ግን የፕላስተሩ ሙጫ ከሥር ሲደርቅ ያደገውን ነገር ይጋርዳል፤ ሙጫውን መፋቅ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ሰለቸኝ። ፕላስተሩን ክዳኑ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። እርስዎ ሲመረምሩ አጠገብዎ ቆሜ ስሙን የምጠራው እኔ ስለነበርኩ አላወቁብኝም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት መብራት ጠፋ። ሳህኖቹ እንዳይቀዘቅዙ የሙቅ ውኃ ጀሪካን ወዳለበት ሣጥን ሳዛውር ሁለቱ ከእጄ ሊያመልጡ ሆነ። ሳህኖቹን ያዝኳቸው፤ ክዳኖቹ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። አንዱ የሙስሊማ፣ አንዱ እግራቸው የቆሰለ የአንድ አዛውንት። የትኛው የማን እንደሆነ አላወቅሁም። በግምት ከደንኳቸው። ብነግርዎ ናሙናው እንደገና ይወሰድ ነበር፤ ሁለት ቀን ቢያዘገየን ነው። ግልምጫዎን ፈራሁ።

እርስዎ በማይክሮስኮፑ ያዩት ልክ ነበር፣ ኣያ። ሮዝ ያሉት ሮዝ ነበር፣ ሐምራዊ ያሉትም ሐምራዊ። ስሙን አዛብቼ የጠራሁት እኔ ነኝ። አዛውንቱ ቁስላቸው በራሱ ጊዜ ደረቀላቸው። ሙስሊማ ግን በቀዶ ሕክምና ወልዳ ቁስሏ ያመረቀዘባት፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አምስት ቀን የማይሠራ መድኃኒት ወሰደች። ሌላ ቦታ የተላከው ናሙና ሌላ ውጤት ይዞ ሲመጣ ሕይወቷ አልፎ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ስህተቱን በእርስዎ ላይ ጥሎ «ዕድሜ ነው፣ ዓይን ነው» አለ። እርስዎም አመኑት።

ከዚያ ለይቅርታ የሄድንበት ቀን አለ። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ፣ ባሏ ጃፋር በተከራየው ግቢ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋይ በጫንቃዎ ተሸክመው ቆሙ። አማርኛ እንደ ልብዎ የሚናገሩት ሰው ያን ቀን ከትግርኛ በቀር አንደበትዎ አልፈታ አለ። «ዓይነይ ጠሊማትኒ» አሉ። ጃፋር ከወሎ ከመጣ ገና ዓመቱ ስለነበር ወደ እኔ ዞረ። «ዓይኔ ከዳኝ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩለት። በዚህ አፌ! ጃፋር እያለቀሰ ድንጋዩን አወረደልዎ፤ እኔ የሰው ቃል አድራሽ ሆኜ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ወር ቁሓ ልጠይቅዎ የመጣሁት ልነግርዎ ነበር። ልጅዎ ትምኒት ዳዊቱን ታነብልዎ ነበር። መነጽርዎ የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ «ለማን ይጠቅማል ጓለይ? በዚህ ዓይን ፊደልም አላምን» አሉኝ። የሐኪም ቤት ሰው ዓይንዎን አይቶ ለዕድሜዎ ደህና ነው እንዳለዎት ትምኒት በር ላይ ነገረችኝ። ሻዬን ጠጥቼ ተመለስኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ራሴን ተጸየፍኩት።

ትናንት ጥፋቴን ለክሊኒኩ ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። የሙያ ፈቃዴን ከቀሙኝ ይቀሙኝ። ከዚያ ጃፋር ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ስነግረው ያኔ የተወለደችው ልጁ ዓፊፋ ጉልበቴ ላይ ለመውጣት ትታገል ነበር። እሷን አንስቶ አቀፋት።

«ሰውዬው ያውቃሉ?» አለኝ።

«አያውቁም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ሙስሊማን አላህ ወሰዳት፣ እኔም ቀበርኳት። እሳቸው ግን በቁማቸው ነው የተቀበሩት። መጀመሪያ ሂጂና እሳቸውን አውጪ። ያንቺን ነገር ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ዛሬ አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይህን ወረቀት ለትምኒት አይስጧት። ፊደሉን ሆን ብዬ ጎላ አድርጌ አልጻፍኩትም። መነጽርዎን ይፈልጉና ራስዎ ያንብቡት። ያያሉ፣ ኣያ። ያን ቀንም አይተው ነበር።

የበደለችዎ ተማሪዎ፣
ረምላ