ግድግዳ ላይ የተሳለው ወንበር

ወዳጄ ጢሞ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከመቀመጫዬ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ባዕድ አገር ያስመጣኝ ስደተኛው ልጄና ሰዓሊ ጓደኞቹ፣ ሽማግሌ ቆሞ በሚሰለፍበት ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ «ወንበር ይደረግልን» ለማለት ወንበር ሳሉ። እውነት መስሎኝ ልቀመጥ ስል መሬት ተቀበለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አፍሬ፣ «ሆን ብዬ ነው፤ ወንበር ካልመጣ አልነሳም» አልኩ። ልጄ «አባዬ፣ ተነስ፣ አታዋርደኝ» ቢል ማን ሰምቶት። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው ረጅም አግዳሚ ወንበር አስመጣ። እኛ አገር ለሽማግሌ ወጣት ይነሳለታል፤ እዚህ ሽማግሌው መጀመሪያ መውደቅ አለበት።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላ። ለቤትህ ሰው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ግትርነትህ ለማን ይጠቅማል?» ትለኝ ነበር። በመቃብሯ በኩል ስታልፍ፣ ጠቀመ በልልኝ።