በመታጠቢያ ቤታችን በር ላይ ለተኛችው አንበሳ አሳዳሪዎች

ለተከበሩ የሎጁ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክቡራን እንግዶችዎ፣ እንዲሁም ሎጅዎ ከመጥፋት ለሚታደጋቸው አንበሶች፣ ነብሮችና ጅቦች ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንድትሰነብቱ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለጠየቀ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው እጄ ይመልስለታል። ከአጥርዎ ማዶ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ አጥሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእኛ በኩል ያለው ሽቦ በጎርፍ ከተነቀለ ወዲህ ቢሮዎ ድረስ እየተመላለስኩ ባመለከትኩ ቁጥር ጸሐፊዎ በፈገግታ ተቀብላ «ይታያል» ስትለኝ ቆይታለች። ቃሏን ጠብቃለች፤ ቀዳዳው ታየ። ያየችው ግን አንበሳዋ ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ደጋፊ መራመድ የማይችሉትን አማቴን ገላቸውን ላጥባቸው ግቢያችን ጥግ ወዳለው መታጠቢያ ቤት አስገባኋቸው። የሳሙናው አረፋ ገና ከራሳቸው ሳይወርድ የጎረቤት ውሻ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ብመለከት፣ የሎጅዎን መከታተያ መሣሪያ አንገቷ ላይ ያሰረች አንበሳ ጥላ ፍለጋ በራችን ሥር ተዘርግታለች። ትንፋሿ በበሩ ሥር እየገባ እርጥብ እግሬን ሲሞቀኝ ይሰማኝ ነበር። መቀርቀሪያችን አንድ የተጣመመ ምስማር ነው፤ እሱን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

ሁለተኛ፣ በየምሰሶው ላይ ስለለጠፉት የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ቁጥር አመሰግናለሁ። በኪሴ በነበረው ስልኬ ደውዬ ያለንበትን በሹክሹክታ ስነግረው፣ ያነሳው ሠራተኛዎ እጅግ ትሑት ነበር፦ «እመቤቴ፣ አደራዎን እንዳይጮኹ፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትደነግጥብናለች።» የእኛን ድንጋጤ ለመጠየቅ ጊዜ ሳያገኝ ስልኩ ተዘጋ።

ሦስተኛ፣ መኪናዎ ሳይዘገይ በመድረሱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሞተሩን ድምፅ ስሰማ «እማዬ፣ ደረሱልን» ብዬ አለቀስኩ። ለካ የመጡት እንግዶችዎ ናቸው። አስጎብኚው ከአጥራችን ውጭ መኪናውን አቁሞ ስለ አንበሳዋ እድሜና ስለ ዘሯ ብርቅነት በለሰለሰ ድምፅ ሲያስረዳ፣ ካሜራው ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማ ነበር። ከበሩ ጀርባ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን አላነሳም፤ ምናልባት እኛ ብርቅ አይደለንም። ልጮህ አፌን ስከፍት አንበሳዋ አንገቷን ቀና አደረገች፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ። አማቴ በቀዝቃዛው ውኃ እየተንቀጠቀጡ ጆሮዬ ሥር «ልጄ፣ እኔን ተይኝና ሩጪ» አሉኝ። በሩ አንድ መሆኑን ፍርሃቱ አስረስቷቸው ነው።

በመጨረሻ አንበሳዋ በራሷ ፈቃድ ተነሥታ ሄደች፤ መኪናዎም ተከትሏት ሄደ። በራችንን ያንኳኳ የለም። ባለቤቴ ከሥራ ተመልሶ በስማችን እስኪጣራ ድረስ ከምስማሩ ላይ እጄን አላነሳሁም።

በማግስቱ «የአንበሶች ወዳጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሻርፕ ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። አማቴ አልጋቸው ላይ ሆነው እያሳሉ «ይሄን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» ብለዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ነፋስ ቆርቆሮ ባንቀሳቀሰ ቁጥር እጄን ጭምቅ ያደርጉታል፤ እኔም አይዞዎት እላቸዋለሁ፣ የእኔን ፍርሃት እንዳያውቁብኝ በሌላ እጄ ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩ።

ክቡር ሆይ፣ አንበሳዋ እንድትሞት አልሻም። ጎረቤታችን በያጁ ሥጋ ላይ መርዝ ይደረግ ብሎ በመጣ ጊዜ «በሆዷ ልጅ ይዛ?» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ግን ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ትናንት ደግሞ ከበያጁ ጋር ቆሞ ሲያወራ አይቼዋለሁ፣ ስጠጋቸው ወሬ ቀየሩ። አሁን አንበሳዋንም፣ ባሌንም እፈራለሁ። ሽቦውን ያስጠግኑልን፤ ለእኛ ካልሆነ፣ ለእሷ ሲሉ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣
ከእንስሳትዎ ቀጥሎ ይታሰብልኝ ይሆናል ብላ ተስፋ የምታደርግ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በጋዜጣ ማሳተሜ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ወደ ቢሮዎ በእግር መምጣት ስለፈራሁ ብቻ ነው። መልስዎን የሚያመጣውንም ሰው እባክዎ በመኪና ይላኩት፤ ያረገዘ ባይሆንም እናት ይኖረው ይሆናል።