ሮቦቱ አልሄድም ያለበት ቦታ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር

ይድረስ ለቀድሞው እጮኛዬ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው የጠናብኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሳዲቅ በገዛ ፈቃዱ ነው የሄደው ብዬ ለመርማሪዎቹ እንድመሰክር ለምነኸኛል። ያን ቀን የረሳኸው መሰለኝ፣ ልንገርህ።

አንተ አዲስ አበባ ከእንግዶችህ ጋር በስክሪን ታየን ነበር። እኛ ከወግዲ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርን። ለጨረቃ የምናዘጋጀው ሮቦት ከፊት ይሄዳል፣ ባልደረባችን ሳዲቅ አጠገቡ ይራመዳል፣ እኔ ከኮምፒውተሩ ሆኜ እከታተላለሁ። ሰውና ማሽን እየተጠባበቁ እንዲሠሩ ነበር ዓላማችን። ጉም ወረደ። ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ቆመና መሬቱ ክብደት አይችልም የሚል ማስጠንቀቂያ ላከ። እንመለስ አልኩህ። እንግዶቹ እያዩ እንዴት ተደርጎ አልክ። እንግዲያው ማስጠንቀቂያውን ዘግቼ ሮቦቱን ልንዳው ወይ ስልህ ግን ደነገጥክ።

«እሱን እንዳትነኩት፣ ሌላ የለንም። ሳዲቅ ቀድሞ ይርገጠው።»

ሳዲቅ ይሰማህ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ቢስሚላህ ብሎ ሄደ። መሬቱ ከሥሩ ተናደ።

የታች መንደር ሰዎች በቃሬዛ አወጡት። ከሆስፒታሉ በር ላይ ስደውልልህ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ሮቦቱ ደህና መሆኑን ነው። ደህና ነው አልኩህ። ሳዲቅ ቀኝ እግሩን ተቆረጠ። በቴሌቪዥን ቀርበህ ሮቦቱ አደጋውን ቀድሞ በማወቁ ሙከራው ተሳክቷል ስትል፣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ እያየህ ነበር። ቴሌቪዥኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለመርማሪዎቹ የሰማሁትን ቃል በቃል ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ አትድከም።

ወደ ሥራሽ ተመለሽ፣ ሠርጉም ይደረስበታል ብለሃል። አልመለስም። እዚሁ ፊዚክስ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ሳዲቅም በክራንች እየተደገፈ እስከ ገበያ ድረስ መውጣት ችሏል። ጭቃው ሲያንሸራትተው ይናደዳል፤ እጄን መያዝ ግን አይጠላም።

ለትዳራችን የገዛነውን አልጋና ወንበሮቹን ለፈለግኸው ስጥ። መጽሐፎቼን ብቻ በደሴ መኪና ላክልኝ፤ ቤታችን ጠባብ ነው።

አላህ ሥራህን ያቅናልህ። ወደ ሰማይ የምትልካቸውን ሁሉ በደህና ይመልስልህ፤ ሰዎቹንም።

የቀድሞ እጮኛህ