ለአንተ ያልደረሰው ማስጠንቀቂያ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክህን እንደማታነሳ ስለማውቅ ይህን የላክሁልህ በምትነዳው የጭነት መኪና ባለቤት በኩል ነው። እባክህ ሳትጨርሰው አትቅደደው። ስህተቱ ያንተ አልነበረም።

የፕሮግራም ሥራህን ጥለህ ከሄድክ በኋላ እዚያው ድርጅት መቀጠሬን ከእናታችን ሳትሰማ አልቀረህም። ለሆስፒታሉ የሠራኸው፣ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ፕሮግራም ባለፈው ሳምንት እንደገና የተሳሳተ ቁጥር አወጣ። ደግነቱ ነርሷ ነቅታ ነበርና ለበሽተኛው ሳይሰጥ ቀረ። የቢሮው ሰው ሁሉ ግን ያው የእሱ ፕሮግራም ነው አለ። እኔ ግን አላመንኩም።

ፕሮግራሙን ሌላ ሰርቨር ላይ ባስኬደው ልክ ያወጣል። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ተለያዩ ኮምፒውተሮች የሚሠሩትን ቨርቹዋል ማሽኖች ሁሉ የተሸከመውን ዋናውን ሲስተም መፈተሽ ጀመርኩ። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር እየተበላሸ መሆኑን ደጋግሞ ሲያስታውቅ ኖሯል፤ የተሳሳተው መጠን ሰው በጎዳባት በዚያች በተረገመች ቀንም ጭምር። ዋናው ሲስተም ሰምቷል። ማስጠንቀቂያው ወደ ውስጥ እንዳያልፍ ስለተዘጋ ግን፣ ያንተ ፕሮግራም የሚሠራበት ማሽን ምንም ሳያውቅ የተበላሸውን ቁጥር አምኖ አሰላ።

እናታችን አስረጂኝ ብላ ስትይዘኝ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ቤት ነው አልኳት፤ ባለቤቱ ግድግዳው መሰንጠቁን እያወቀ ለተከራዮቹ አልተናገረም።

"ታዲያ ልጄን ምን አድርግ ብለው ነው?" አለችና ፊቷን አዞረች።

አለቃችን በሩን ዘግቶ፣ ፕሮሰሰሩን በዝምታ እንቀይረው፣ ደንበኞቹን ማስደንገጥ አያስፈልግም፣ ያለፈው አልፏል አለኝ።

"ለወንድሜ አላለፈም" አልኩት።

ተዘግቶ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ከፈትኩ፤ ለሆስፒታሉም እውነቱን አሳወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ደህና አድርጎ ሰላም አይለኝም። ነገ ልባረር እችላለሁ፤ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

ትናንት የሆስፒታሉ ሐኪም፣ በዚያች ቀን በተሰጣቸው መድኃኒት ኩላሊታቸው ወደተጎዳው ጡረተኛ መምህርት ቤት ይዞኝ ሄደ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። የምነግራቸውን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"ያ ልጅ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። መግባት አቃተው። ለእሱ ነገራችሁት?"

ሆስፒታል ልታያቸው መሄድህን ለማናችንም አልነገርከንም ነበር። እንባዬ መጣ። ገና አልነገርነውም አልኳቸው።

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?" አሉኝ። "ተነሽ፣ ሂጂ ንገሪው።"

ይኸው ነገርኩህ።

ታናሽ እህትህ